ወልደ ነጥብ ነጥብ ነጥብ

የልጅ ልጄ ክረምቱን ሊያሳልፍ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። እግሩን ሳይታጠብ፣ እንጀራ ሳይቀምስ ኮምፒዩተሩን ከሻንጣው አውጥቶ ከፈተው። ገጹ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ ነጭ ፊደል ይንጠባጠባል። ሥዕል የለ፣ ቀስት የለ፣ የሚነካ ነገር የለ። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለውን መንገድ በነሐሴ ዝናብ እንደመጣ አውቃለሁና ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

«ውሃ ገብቶበታል» አልኩት። «ምድጃው ዳር አስጠጋው፤ ብቻ አታቅርበው፣ ላስቲኩ ይቀልጣል።»

«አልተበላሸም አባዬ። ተርሚናል ነው።»

እኔ የማውቀው ተርሚናል አንድ ነው፤ ቱሪስቶች ከአውሮፕላን ወርደው ሻንጣቸውን የሚጠብቁበት፣ አስጎብኚዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው የሚንጠራሩበት። «ማን ሊመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። እኛ አያታችን ሲጠይቀን እንቆም ነበር፤ የዘንድሮ ልጅ ይስቃል።

እኔ ለዚህ ጥቁር ገጽ እንግዳ አይደለሁም። ከአባቴ ቁም ጽሕፈት ተምሬያለሁ፣ ብራና ወጥሬ ፍቄያለሁ። ዘመን ሲለወጥ ደግሞ በአውራጃ ጽሕፈት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆንኩ። ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት የአማርኛ ታይፕ ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ፊደላችን ለዚያ ብረት በዝቶበት አንዱን ሆሄ ሁለት ጊዜ መምታት ነበረብን፤ አንዴ አካሉን፣ አንዴ እግሩን ወይም ቀለበቱን። ጣቴ እስከ ዛሬ ይቆለመማል። ከዚያ ኮምፒዩተር የሚባል መጣ፤ ጥቁር ገጽ፣ አረንጓዴ ፊደል። እሱን ስንለምድ «ያ ቀርቷል፤ አሁን ያለው መስኮትና ማውስ ነው» አሉን። መቃ ብዕር ለለመደ እጅ ማውስ ምን እንደሆነች የያዛት ያውቃል። ቀስቷ እንደተባረረች ዶሮ ከጥግ ጥግ ትሮጥብኝ ነበር። ቢሆንም ለመድኩ። እንደ ሰው ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ቻልኩ። ይህን ሁሉ ከለመድኩ በኋላ ነው እንግዲህ የልጅ ልጄ ማውሱን በክንዱ ገፍቶ «አባዬ፣ አዲስ ነገር ላሳይዎ» የሚለኝ፣ የሚያሳየኝም ጥቁር ገጽ!

«በምን ሠራኸው?» አልኩት።

«ላይብረሪ አውርጄ።»

ቤተ መጻሕፍት ከየት ነው የሚወርደው? ከአሸተን ማርያም ነው? እዚያ ተራራ ላይ ያለ የብራና መጽሐፍ ሲንቀሳቀስ ካህን ይጠራል፣ ከማኅደሩ ይወጣል፣ ይሳለሙታል። እሱ ጫት እንደሚገዛ ሰው «አወረድኩ» ይላል። ኋላ ሲያስረዳኝ ላይብረሪ የሚሉት ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው፣ አንተ ወስደህ በራስህ ፕሮግራም ውስጥ የምትሰካው የተዘጋጀ ሥራ ነው። ሳጥን መሳሉን፣ ዝርዝር መደርደሩን፣ ቁልፍ ሲነካ መስማቱን አንድ ሰው አንዴ ይጽፈዋል፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ይሠራል። እዚህ ድረስ ይሁን። ስሙን ጠየቅሁት።

«የሁሉም አባት ከርስስ ይባላል።»

«ትርጉሙስ?»

ወደ አያቱ አየ። እሷ ቡና እየቆላች ነበር። «እርግማን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በስመ አብ አልኩና ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ልጁ ተጣድፎ ያስረዳኝ ጀመር፤ ገጹ ላይ የምትንቀሳቀሰዋ ጠቋሚ ከርሰር ስለምትባል ከስሟ ጋር ለመቀለድ ነው አለ። ኬን አርኖልድ የሚባል ሰው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ፈረንጆቹ 1980 ገደማ ጻፈው። ጥበቡን ያገኘው ቢል ጆይ ቪአይ ለተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ከጻፈው ነው። መጀመሪያ ያገለገለውስ ለምን ይመስላችኋል? ለሂሳብ? ለመዝገብ? ለጨዋታ! ሮግ የሚባል፣ ጀግናው በኢሜይል አድራሻ መካከል የምትቆመዋ ጥቅልል ምልክት የሆነችበት፣ ጭራቆቹም ፊደላት የሆኑበት ጨዋታ። ቀጥሎ ፓቬል ከርቲስ የሚባል (እሱማ የአባቱ ስም እርግማን ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው) በ1982 ማንም የሚጠቀምበትን ነጻ ቅጂ ጻፈ። ከዚያ ተነሥቶ በ1993 ኤንከርስስ ወጣ።

«ኤኑ ምንድን ነው?»

«ኒው። አዲሱ።»

አዲሱ እርግማን! በእኛ አገር እርግማን እስከ ሰባት ትውልድ ይወርዳል እንጂ ይታደሳል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቶማስ ዲኪ የሚባል ሰው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይጠብቀዋል አለኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ እርግማን ቁጭ ብሎ መጠበቅ! ይህስ ገዳም የገባ ሰው ሥራ ነው፤ አልተቀየምኩትም።

ከሁሉ ያስቆጣኝ የገጹ ልክ ነው። ወደ ጎን 80፣ ወደ ታች 24 ክፍል። ለምን 80 ሆነ አልኩ። እንደ ፈረንጆቹ 1928 አይቢኤም የሚባለው ኩባንያ የሚበሳ ካርድ ሲያወጣ 80 ዓምድ ስላደረገው! ካርዱ ሞቶ ተቀብሯል፤ ቁጥሩ ግን ልጅ ወልዶ ይኖራል። 24ቱ መስመርና 80ው ዓምድ አንድ ላይ የጸኑት ቪቲ 100 በሚባል ዕቃ ሲሆን እሱም የወጣው በ1978፣ በእኛ 1970 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። የእኛ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው የተመዘገቡትም በዚያው በ1978 ነው። ልጁ ይህን ሲያውቅ ደስ አለው፤ «እኩያ ናቸው እኮ አባዬ!» ብሎ ዘለለ። አንዱ የላስቲክ ሣጥን ነው፣ ሌላው ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ እኩያ!

እሱ ግን ማመሳሰሉን አልተወም። «የተርሚናል ገጽ ቁጥሩ የሚጀምረው ከላይ ነው። ዜሮ ከላይ ነው፤ ወደ ታች ይቆጠራል። ቤተ ጊዮርጊስም ከጣሪያው ጀምሮ ነው ወደ ታች የተፈለፈለው።»

«ቅዱስ ላሊበላ ሲሳሳት መልሶ የሚሰርዝ ቁልፍ ነበረው?»

ዝም አለ። አንዳንዴ ዝም ማሰኘት ይቻላል።

እውነት ለመናገር ግን አንድ ነገር ሲነግረኝ እኔም ዝም ብያለሁ። 80 በ24 ሲባዛ 1920 ክፍል ነው። ያኔ ኮምፒዩተርና ገጽ በስልክ ሽቦ ሲገናኙ በሴኮንድ 30 ፊደል ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ሙሉ ገጽ ልላክ ቢሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንዲት ፊደል በተለወጠች ቁጥር ገጹን እንደ አዲስ መላክ ደግሞ የማይሆን ነው። እርግማኑ የሚሠራው ታዲያ ምንድን ነው? ቀድሞ የነበረውንና አሁን እንዲሆን የተፈለገውን ጎን ለጎን በሆዱ ይይዛል፤ ያስተያያል፤ የተለወጠችዋን ብቻ፣ ያለችበት ክፍል ድረስ ጠቋሚዋን በአጭሩ መንገድ ወስዶ ይተካታል። ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ። አንድ ቃል ሲሳሳት ብራናውን ይጥላል እንዴ? አንዲት ፍየል ስንት ገጽ ይወጣታል? ቢላዋውን ይስላል፣ ያችን ፊደል ብቻ ይፍቃል፣ ቦታውን በጥፍሩ ያለሰልሳል፣ ይጽፋል። ከፍቀቱ በላይ የጻፈውን እስከ ዛሬ በጣት ዳስሰህ ታገኘዋለህ፤ በዓይን ግን አታየውም። ፈረንጅ ከአባቴ አልተማረም፤ ይሁን እንጂ ቢማር የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ለልጁ አልነገርኩትም፤ ይንጠባረርብኛል።

ኔትወርክ በቀጠነበት ቀን ደግሞ (በእኛ ሰፈር ይህ የትኛው ቀን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል) ጎረቤታችን ያለው ጎረምሳ ሥዕል የበዛበት ገጹ ሲሽከረከር፣ ሲሽከረከር፣ ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ገና ይሽከረከራል። የእኛው በዚያች ቀጭን መስመር ሩቅ ካለ ኮምፒዩተር ጋር በፊደል ይነጋገራል። ፊደል ቀላል ነው፤ ገደሉን ይሻገራል። አየሁት። ምንም አላልኩም።

አዲሶቹን ላይብረሪዎች ሲዘረዝርልኝ ግን ጾም ላይ ነበርን፤ ፍልሰታ። ራታቱይ የሚባል አለ፤ ራስት በሚባል ቋንቋ የተጻፈ፣ ቀድሞ የነበረው ቲዩአይ አርኤስ የሚባለው ባለቤቱ ሲደክምበት ሌሎች በ2023 ተረክበው ያስቀጠሉት። ስሙ የፈረንሳይ የአትክልት ወጥ ነው። በብል ቲ የሚባል አለ፤ ጎ በሚባለው ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙ የአረፋ ሻይ። ከምድጃ የራቀ ስም ያለው ቢፈለግ ቴክስቹዋል የሚባለው ነው፤ በፓይተን የተጻፈ፣ ዊል ማክጉጋን የሚባል ሰው የጀመረው። ከድሮዎቹም ኒውት የሚባል አለ፤ ሬድ ሃት ሊኑክስን ለመጫኛ ያገለገለ፤ ትርጉሙ እንሽላሊት መሰል የውሃ ፍጥረት ነው፤ እሱ እንኳ ሳይበላ አይቀርም። የራታቱይ አርማ ደግሞ ምን ይመስላችኋል? አይጥ! ወጥ የሚሠራ አይጥ! ማውሱን ከጠረጴዛ አባረሩና አይጡን ወጥ ቤት አስገቡት። እነዚህ ልጆች አንድ ዓርብ እንኳ ቢጾሙ ስም ያወጡ ነበር።

«ስንት ከፈልክ?» አልኩት።

«ነጻ ነው።»

ነጻ! ነጻ የሚለው ቃል ሲመጣ ኪሴን የምይዝ ሰው ነኝ። ልጁ ግን ነጻ ማለት ያለ ዋጋ ማለት ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ውስጡን ከፍተህ ማየት፣ መለወጥ፣ ለሌላ መስጠት መብትህ ነው ማለት ነው አለ። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1983 ግኑ የሚባለውን ሥራ ሲጀምር ይህንኑ ብሎ ነው። ፈረንጅም በቋንቋው ለሁለቱ አንድ ቃል ነው ያለው፤ እንደ እኛ ተቸግሯል። ታዲያ ሰዎቹ ምን ይበላሉ? ቀን በሌላ ሥራ ይውላሉ፣ ማታ ይጽፋሉ፤ አንዱ ስህተት ያገኛል፣ ሌላው ያርማል። ደቦ ነው ለካ! ጠላ የሌለው ደቦ። ጠላ የሌለው ደቦ ላይ ሰው መምጣቱ ነው የገረመኝ። በላስታ ገብስ አጨዳ ላይ ጋኑ ካልተከፈተ ማጭድ አይነሣም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። የማኅበራችን መዝገብ በእኔ እጅ ነው። በየወሩ በ23 የጊዮርጊስን ጽዋ የምንጠጣ 24 ሰዎች ነን፤ ማን ደገሰ፣ ማን ተረኛ ነው፣ ማን ያልከፈለው አለበት፣ ሁሉም በእኔ እጅ ጽሕፈት በአንድ ወፍራም ደብተር አለ። ልጁ «በተርሚናል ልሥራልዎ» አለ። የማኅበሩ ሰው 24፣ ገጹ 24 መስመር፤ የእግዜር ሥራ ነው ብዬ ፈቀድኩ። ግን ሣጥኑ ከላይና ከታች ሁለት መስመር ወሰደ፣ ርእሱ አንድ፤ ሦስት የማኅበር አባላት ከወለሉ በታች ቀሩ። «ወደ ታች ሲጫኑ ይመጣሉ» አለኝ። አንደኛው ሪህ ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ተጭኜ የማመጣቸው ሰው አይደሉም።

ይህ ቀላሉ ነው። ለስም 12 ክፍል ሰጠ። በቂ ነው፤ ወልደ ጊዮርጊስ ቢቆጠር ከነክፍተቱ 9 ነው። አስገብቶ ሲከፍተው ምን ሆነ? የመጀመሪያው አባል ወልደ ነጥብ ነጥብ ነጥብ። ሁለተኛው ወልደ ነጥብ ነጥብ ነጥብ። ቀጥሎ ገብረ ነጥብ ነጥብ ነጥብ። ወለተ ነጥብ ነጥብ ነጥብ። ኃይለ፣ ተክለ፣ አመተ፣ ሁሉም ነጥብ ነጥብ ነጥብ። አባቶቻችን የክርስትና ስም ሲያወጡ ሦስት ሆሄ ላይ እንዲቆረጥ አስበው አይደለም! የማኅበሩ ሰው ሁሉ ቅዱሱን አጥቶ ባዶ ልጅና ባዶ ባሪያ ሆኖ ቀረ። ወልደ ማን? ገብረ ማን? ያልከፈሉት እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዩ። አንዱ «ይኸ ወልደ እኔ አይደለሁም» ብሎ በጊዮርጊስ ስም ሊምል ተነሣ፤ ጊዮርጊስ ደግሞ ከስሙ ላይ ተቆርጧል።

ልጁ ሌሊቱን ሲቆፍር አድሮ ምክንያቱን አገኘ። የፈረንጅ ፊደል በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ባይት ነው የሚይዘው። የእኛ ሦስት ባይት ነው። ይህን አጻጻፍ ዩቲኤፍ 8 ይሉታል፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ሲበሉ ሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነው የነደፉት (ያው ምግብ!)። የወረደው ላይብረሪ ደግሞ የቆጠረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነበር። ወልደ በሦስት ሲባዛ 9፣ ሦስቱ ነጥቦች 3፣ ድምሩ 12። ሞላ! ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ሂሳቡ እንከን የለውም፤ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ታክስ ላይ የቆየ ሰው ይህን ዓይነት ትክክል ያውቀዋል።

ደግሞ አንድ ፊደል ልሰርዝ ብዬ ቁልፉን ነካሁ፤ ጠፋ፣ ግን አልጠፋም። በአንዳንድ ያልተስተካከለ ገጽ ላይ ስረዛው አንድ ባይት ብቻ ይፍቃል፤ የተረፈው ሁለት ባይት የጥያቄ ምልክት ሆኖ አፍጥጦ ያይሃል። አንዲት ፊደል ለመፋቅ ሦስት ጊዜ! እንደገና ታይፕ ጸሐፊ ሆንኩ ማለት ነው።

ያንን አስተካከለና ስሞቹ ሙሉ ሆኑ። ደስ ብሎኝ መነጽሬን አጠለቅሁ። ወለተ ጨርቆስ ከሚለው ላይ ጨ አንድ እግሯ የለም። ቀጥላ ያለችው ር ላይ ተደግፋ ታነክሳለች። የሣጥኑ ቀኝ ግድግዳ ደግሞ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ እያለ እንደ ጎረምሳ የካበው ካብ ሆኗል። ይህስ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ተርሚናል እያንዳንዱን ፊደል በእኩል ክፍል ያሳድራል። ላይብረሪው ከመጻፉ በፊት «ይህች ፊደል ስንት ክፍል ትፈልጋለች?» ብሎ አንድ ሠንጠረዥ ይጠይቃል። ሠንጠረዡ ለቻይና ፊደል ሁለት ክፍል ይሰጣል። ለጃፓን ሁለት። ለእኛስ? አንድ! ጨ እና ጧ፣ ሏ እና ጪ፣ ለቀጭኗ የፈረንጅ አይ በተሰፋ ልብስ ውስጥ ግቡ ተባሉ። ሰፊ ትከሻ ያለውን ሰው በሕፃን እጀ ጠባብ እንደማልበስ ነው፤ ወይ ሰውየው ይጨናነቃል ወይ ስፌቱ ይተረተራል። የእኛ ሰው ቻይና የሠራውን መንገድ ሲያመሰግን እሰማለሁ፤ በፊደል ግን ለቻይና ሁለት መንገድ ተሰጥቶ እኛ አንድ ላይ ስንጋፋ የሚናገር የለም።

በዚያ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። እኔ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ካልለየሁ የጻፍኩ አይመስለኝም። የማኅበሩን ደንብ በሁለት ነጥብ አስጻፍኩት። የእሱ ላይብረሪ መስመር የሚሰብረው ባዶ ቦታ ሲያይ ብቻ ነበርና ሁለት ነጥቡን እንደ ፊደል ቆጥሮ ደንቡን በሙሉ አንድ ቃል አደረገው። የሩብ ገጽ ርዝመት ያለው አንድ ቃል! ግድግዳውን ጥሶ ወጣና ጠፋ። «ሁለት ነጥቡን እንተወው አባዬ» አለኝ። ይህን ያለኝ ከቤተ ማርያም የድምፅ ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

ለነገሩ ለፊደላችን የደከመ ሰው የለም ብዬ ልጮህ ስል ልጁ ከለከለኝ፤ አለ። ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የሚባሉ ሰዎች በ1990ዎቹ፣ ኮምፒዩተር ግዕዝ ሳያውቅ፣ ፊደላችንን በላቲን አስመስሎ የሚጽፍ ሥርዓት አወጡ፤ ሴራ ይባላል። ትንሹ ቲ ለተ፣ ትልቁ ቲ ለጠ፤ ስሙ ባያምርም ሥራው ያምራል። ዩኒኮድ የሚሉት የዓለም የፊደል መዝገብ ደግሞ በ1999 በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ይህ ሳይሆን በፊት ግን፣ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ የእኛን ፊደል የሚያስተናግድ ክፍል ጽፎ ነበር። ጃፓን ለእኛ ሲጽፍ እኛ የት ነበርን አትበሉ፤ እኔ ታይፕ እየመታሁ ነበር።

ያ ኢማክስ በዓለም ቋንቋ ሁሉ ሰላምታ የተጻፈበት አንድ ገጽ አለው። ልጁ ከፍቶ አሳየኝ። ከብዙ አገር ሰላምታ መካከል አማርኛ የሚል አገኘሁ። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ከዚያ መነጽሬን ጠረግሁ። ሠላም ይላል። በንጉሡ ሠ! ሰላም በእሳቱ ሰ ነው እኮ! ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ! «ደብዳቤ ጻፍ፣ ዛሬውኑ» አልኩት። ባለቤቴ «የምስራች ብለህ አትቀበልም፣ ሁሌ ሆሄ» አለችኝ። ቡናዋን ጠጣሁ፤ አቋሜን አልለወጥኩም።

ከሁሉ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። ሊኑክስ ሥር በተቀመጠው መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥ ለግዕዝ ቋንቋ የተዘጋጀ የአገር ቅንብር አለ። አንዱ በሀለሐመ ይደረድራል። ሌላው ደግሞ አበገደ ተብሎ ስሙ ተጽፎበት ተቀምጧል። አበገደ! እኔን አባቴ በኩርኩም ያስጠናኝ! ልጁን «አበገደን በልልኝ» አልኩት። «አ፣ በ፣ ገ፣ ደ...» ብሎ ቆመ። «ሀ፣ ወ...» አለና ወደ ጣሪያ አየ። ማሽኑ የሚያውቀውን የእኔ የልጅ ልጅ አያውቅም። ያን ጥቁር ሣጥን ቢያንስ ጠይቄ አላፈርኩበትም።

ያን ቀን ማታ ከሣጥኔ ሥር አባቴ ሳይጽፍበት የቀረ የብራና ገጽ አወጣሁ። ጥጉ ላይ የወስፌው ቀዳዳ በተርታ አለ፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በወስፌ ጫፍ የተጫነ፣ ቀለም የሌለው መስመር። ልጁ ኩራዙ አጠገብ አዘንብሎ አየውና «ይኸ ግሪድ ነው!» አለ። ምንም ይበለው። ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። ሁለት ዓምድ፣ በመካከሉ ባዶ ስፍራ።

«መስመሩ ወደ ታች ነው የተለካው፤ እዚያ ላይ ማንም አያዛንፍም» አልኩት። «ወደ ጎን ግን ዓምዱ ብቻ ነው የተለካው። በዓምዱ ውስጥ ጠ የሚበቃትን ትወስዳለች፣ ር የሚበቃትን። ዓምዱ መጨረሻ ላይ ቦታ ሲያጥር ጸሐፊው ፊደሉን ቀጠን አድርጎ ያስገባል፤ ሲተርፍ ዘርጋ ያደርጋል። እግር አይቆርጥም።»

ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ጥቁሩን ገጽ ከፍቶ አንድ ቁጥር ለወጠ። ፊደሉን አላሳጠረም፤ የክፍሉን ስፋት ጨመረ። ጨ እግሮቿን ዘርግታ ቆመች። ግድግዳው ቀጥ አለ። የፈረንጁ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ በሰፊ አዳራሽ ብቻውን እንደቀረ እንግዳ ተራርቆ ቆመ። ቅር አላለኝም። እነሱም ትንሽ ይልመዱት።

«ሐረግ ይጎድለዋል» አልኩ። የመጽሐፍ መጀመሪያ ያለ ሐረግ አይሆንም፤ ያ የተጠላለፈው ጌጥ። ልጁ ለሣጥን መሳያ የሚሆኑ ነጠላ መስመር ያላቸው ቁርጥራጮች እንዳሉ ነገረኝ፤ ሁለት ቀጥ ያሉ፣ አራት ማዕዘኖች፣ አራት ባለ ሦስት ቅርንጫፍ፣ አንድ መስቀል። ቆጠራቸው፤ 11። «እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት...» ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኔን አየና ዘጋው። በእነዚያ 11 ቁርጥራጮች ሐረግ ጀመረ። አንዱ መስመር በሌላው ላይ፣ ቀጥሎ ከሥር፣ ቀጥሎ ከላይ መሄድ አለበት፤ ካልሆነ ሐረግ አይደለም፣ አጥር ነው። እኔ ጎን ተቀምጬ በመቋሚያ ጫፍ እያሳየሁ፣ እሱ እየጻፈ መሸ። እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ አንቀላፋ። ባለቤቴ ጋቢ ደርባለት «አንተስ?» አለችኝ። መጣሁ አልኳት።

ባትሪው እስኪያልቅ ብዬ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣቴ ተከተልኩ። ከላይ፣ ከሥር፣ ከላይ፣ ከሥር። ሰባተኛው መስመር ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አራተኛው ክፍል፣ ከሥር መሄድ የነበረበት ከላይ ሄዷል። ትከሻውን ነቀነቅሁት።

«ነገ አባዬ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ነገ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ ልትወርድ ነው። ተነሥና ፋቀው።»